የሰባት ቁጥር ማኅተም

ምራት ስለ አማቷ ማውራት ስትጀምር ሰው ጆሮውን የሚያቆመው ሐሜት ጠብቆ ነው። የጂኦግራፊ መምህርቷ ግን በዚህ በኩል ሰሚን ሁሉ ተስፋ የምታስቆርጥ ሴት ነበረች። የባሏን አባት አድንቃ አትጠግብም። አባባ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በወደቡ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ነው። የሐኪም ጽሕፈት የሚያነብ ፋርማሲስት ብቻ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን የፋርማሲስቱንም ያነባሉ። አድራሻው በዝናብ የታጠበ ይሁን፣ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ላለችው አክስቴ» ተብሎ የተጻፈ ይሁን፣ እሳቸው እጅ የገባ ደብዳቤ ባለቤቱን ሳያገኝ አይቀርም ነበር። ዛሬ ሰማንያን አልፈው እንኳ የመብራት ቢል ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ሒሳቡን አይደለም፤ ማኅተሙ ቀጥ ብሎ ማረፉን ነው።

የፖስታ ፍቅር ያጋቡባትም እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ለጨዋታ ያህል ትጠይቃቸው ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ጸናባትና የዕረፍት ጊዜዋን ሁሉ የትኛው መርከብ የትኛውን የፖስታ ከረጢት ይጭን እንደነበር፣ የትኛው ቴምብር መቼ እንደወጣ ስታሳድድ ታሳልፈው ጀመር። አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ ባሏ «ቴምብር» ይላታል። እሷም ስድብ ነው ብላ አታውቅም።

በዚያ ዓመት የወደቡ አሮጌ ፖስታ ቤት ሙዚየም ሊሆን ተወሰነና የታላቁን የሥራ ማቆም አድማ ክፍል እንድታዘጋጅ ተጠየቀች። ከአርባ ዓመት በፊት የፖስታ ሠራተኞች፣ ያረጁ ጓደኞቻቸው ያለ ጡረታ መባረራቸው ይቁም ብለው ለሳምንታት ሥራ አቁመው ነበር። እስከ መጨረሻው የጸኑት ሰዎች ስም በትልቅ ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ ነው፤ የአባባም ስም አለበት። እሳቸው ስለ ሰሌዳው ትንፍሽ አላሉም። ኮታቸውን ግን ማንም አላየኝም ብለው ላውንደሪ ወስደው አስተኩሰው መጡ፤ ምራታቸው አይታቸዋለች።

ሰሌዳው ወደ ጻፊው ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፋርማሲስቱ መጣ። ሰውየው የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ከሳል ሽሮፑ መደርደሪያ ሥር አልበም የማይታጣበት ሰው። የተማረበት የፋርማሲ ትምህርት ቤት መጋዘኑን ሲያጸዳ ሊያቃጥለው የነበረውን የድሮ የማመልከቻ ፖስታ እስር ሙሉ አትርፎ አምጥቷል። አንዱን በወረንጦ አንሥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን አድማው የጋለበት ሳምንት ነው። ከቀኑ ሥር ደግሞ የሰባት ቁጥር አለ።

በዚያ ዘመን ጥፋት ባለቤቱን እንዲያገኝ ተብሎ እያንዳንዱ ማኅተም መቺ የራሱ ቁጥር ነበረው። ሰባት ቁጥር የማን እንደሆነ መምህርቷ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። አባባ ስንት ጊዜ በኩራት ነግረዋታል።

ፋርማሲስቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱም አዝኗል። ግን ሰብሳቢዎች እንደ ጸሎት የሚደግሙት አንድ ነገር አላቸው። «ማኅተም አይዋሽም» አላት። ጓደኞቻቸው ደጅ ላይ ቆመው ሳለ እሳቸው ውስጥ ገብተው ይሠሩ ነበር ማለት ነው፤ ታሪክ ደግሞ ለዘመድ አያዳላም። ወይ ስሙን ታውጣ፣ ወይ እሱ ራሱ ለኮሚቴው ይናገራል። አድማ ሰባሪ ከአድመኛ ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

ባሏ ነገሩን ሲሰማ «ዝም አይነቅዝም፤ ተይው» ብሎ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። እሷ ግን ምሳ ላይ የሽማግሌውን እጅ ማየት አቃታት። ያ ሁልጊዜ የምታደንቀው እጅ ዳቦ ሲቆርስ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አሸሸች። ስለጠረጠረቻቸው አፈረች፤ ይበልጥ ያሳፈራት ደግሞ ማመኗ ነበር።

በማግሥቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ማጉሊያዋን ይዛ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰባት ነው፤ ስድስት ሊሆን አልቻለም፤ አንድም ሊሆን አልቻለም። ዓይኗ ሲደክም ከማኅተሙ ተንሸራቶ ቴምብሩ ላይ አረፈ። ቀይ ጭስ ማውጫ ያላት ትንሽ መርከብ ናት። ይህች ባለ መርከብ ቴምብር ከመብዛቷ የተነሣ ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ዞር ብሎ አያያትም፤ ለልጆች መጫወቻ ይሰጣታል። መምህርቷ ግን ታሪኳን ራሷ ጽፋለች። ቴምብሯ በአድማው ምክንያት ዘግይታ ለሽያጭ የወጣችው ሠራተኞቹ ወደ ሥራ በተመለሱበት ዕለት ጠዋት ነው።

ማጉሊያውን መልሳ አነሣች። ሌላውን ፖስታ አየች፤ መርከብ። ሌላውን፤ አሁንም መርከብ። ገና ያልተወለደ ቴምብር ላይ ማኅተም ተመትቷል። እሷም፣ ፋርማሲስቱም፣ ማኅበሩ በሙሉ ማኅተም ማኅተሙን ሲያዩ ኖረው ከሥሩ ያለውን ቴምብር ያየ አልነበረም። ስለዚህ እነዚህ ፖስታዎች በአድማው ሳምንት አልተመቱም፤ ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ የመታቸው ሰው አለ። ደወል ተደውሎ ተማሪዎቿ እየጠበቋት እንደሆነ እንኳ ዘነጋች።

ከሥራ ስትመለስ አባባ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ፖስታውንና ማጉሊያውን ሰጠቻቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። እፎይ ይላሉ ብላ ስትጠብቅ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» አሉ። «ቀኑን እያንዳንዷን ቁጥር ተጠንቅቄ መለስኩ። ቴምብሩን ረሳሁት። ይህን ሁሉ ዓመት በንጹሕ የሠራሁት ይመስለኝ ነበር እኮ!»

የሙያ ሰው እንዲህ ነው፤ ከክሱ ይልቅ የቆጫቸው የእጃቸው ስሕተት ነበር። ጥቂት ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸው ጨለመና ተረኩላት። አድማው ላይ ቢሆኑም ሕዝቡ ደብዳቤውን ሣጥን ውስጥ መክተቱን አልተወም። ሣጥኑ ሲሞላ ዝናብ ያበላሸዋል ብለው አድመኞቹ በየምሽቱ እየገለበጡ፣ የየቀኑን በየጆንያው አስረው፣ ቀኑን ላዩ ላይ ጽፈው ያስቀምጡት ነበር። ሥራ ሲጀምሩ ጆንያዎቹን ከፈቱ። ከባሕረ ሰላጤው ወዲያ ላለው የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተላኩ ማመልከቻዎች ተዘረገፉ። የቴምብር መሸጫ መስኮቶቹ ዝግ ስለነበሩ ቴምብር ያለው ጥቂቱ ነው። የማመልከቻው ቀነ ገደብ አልፏል፤ ትምህርት ቤቱ የሚያየው ደግሞ ማኅተሙን ብቻ ነው። የዕለቱ ቀን ቢመታባቸው የእነዚያ ሁሉ ልጆች ዓመት፣ የአንዳንዱም ዕድሉ፣ እዚያው ይቀራል። ከየኪሳቸው አዋጥተው ያን ዕለት ጠዋት የወጣውን ባለ መርከብ ቴምብር ለጠፉ። ማኅተሙን ግን ሁሉም በየራሱ ቁጥር ይምታ ሲባል አባባ እንቢ አሉ። በሰባት ቁጥር ብቻ ይመታ፣ ኋላ የሚጠየቅ ካለ አንድ ሰው ይጠየቅ አሉ።

መምህርቷ እንባዋ መጣ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ስሜን አውጪው ልጄ» አሉ። «አድማ ሰባሪ ይበሉኝ። የፖስታ ሰው በማኅተሙ ቀን ከዋሸ ምን ቀረው? ሌባ ከመባል አይተናነስም።»

«አባባ፣ ማኅተሙ የሚናገረው ስለ ማን ቀን ነው?» አለች። «እርስዎ ሥራ ስለገቡበት ቀን ነው ወይስ ሰውየው ደብዳቤውን አምኖ ስለሰጠበት?»

«ስለ ሰውየው ነው።»

«እንግዲያው ሁሉም ላይ አንድ ቀን አልመቱም። በየጆንያው ላይ እንደተጻፈው የማክሰኞውን ማክሰኞ፣ የዓርቡን ዓርብ ብለው ነው የመቱት። ታዲያ የቱ ላይ ዋሹ?»

ሽማግሌው ፖስታውን አገላብጠው አዩት፤ ወደ መብራቱ አቀረቡት፤ መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ይህ ነገር በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልታሰባቸውም ነበር። በመጨረሻ ፋርማሲስቱ ይጠራ፣ እኔው እነግረዋለሁ አሉ። የተተኮሰውን ኮት ለብሰው ጠበቁት።

ፋርማሲስቱ መጀመሪያ ቆሞ ነበር የሰማው። ስለ ባለ መርከብ ቴምብር ሲሰማ ተቀመጠ፤ ማጉሊያውን ተቀብሎ አየና በገዛ ዓይኑ አፈረ። አባባ ስለ ጆንያዎቹ ሲያወሩ፣ የቀነ ገደቡ ቀን ጆንያ ከሁሉም የከበደው እንደነበር ሲናገሩ፣ ፖስታውን የያዘበት ወረንጦ ከእጁ ወደቀ። አላነሣውም።

«እኔም ማመልከቻዬን በመጨረሻው ቀን ነው የከተትኩት» አለ ቀስ ብሎ። «መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ያለ ቴምብር ከተትኩት። አይደርስም ብዬ እናቴ ፊት አለቀስኩ። ተቀበሉኝ። እንዴት እንደደረሰ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።»

አባባ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«አንተ ነህ በለኛ!» አሉ። «ለትምህርት ቤት የሚላክ ደብዳቤ ያለ ቴምብር ይከተታል?»

ፋርማሲስቱ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከመቀመጫው ተነሥቶ ጎንበስ አለና የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሮ የሰሌዳውን ጽሑፍ፣ የአባባ ስም እንዳለበት፣ እንድትሰጠው ጠየቃት፤ ለጻፊው ራሱ ሊያደርስ ነው።