የሜሪ አን ፖም

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። የሙሽራው የኪት እናት ዶሪን አንድ ከረጢት ሙሉ ፖም አንጠልጥላ ኤሪን ውድስ ሰፈር፣ የሙሽሪት እናት ሸዋዓለም ቤት መጣች።

ሸዋዓለም ፖሞቹን አገላብጣ አየቻቸው። አረንጓዴ ናቸው፤ ትልልቅና የተንጋደዱ። ልጣጫቸው ቅባት የጠጣ ይመስል እጅ ላይ ይንሸራተታል። ሰንሪጅ ገበያ ከሚሸጡት ቀያዮች ጋር ዘመድም አይመስሉ። ዶሪን ካፖርቷን እስክትሰቅል ድረስ ሸዋዓለም አንዱን ገመጠችው፤ ጥርሷ ጠረሰ።

«ክብራችን ይኼ ነዋ!» አለች ወደ ልጇ ወደ ቆንጅት ዞራ በአማርኛ። «ለአማች ቤት ያልበሰለ ፍሬ!»

«ማሚ፣ ፕሊስ! ለኩኪንግ እኮ ነው። ጥሬውን ማንም አይበላውም።»

«እስቲ እናያለና።»

ዶሪን ልጣ፣ ከትፋ፣ ስኳር ነስንሳ ጣደችው። ውሃ ጠብ አላደረገችበትም። ብዙም ሳይቆይ ቁርጥራጩ ሁሉ ፈራርሶ እንደ አረፋ ኩፍ አለ። ሸዋዓለም ከምድጃው አጠገብ አልተለየችም፤ ዓይኗ ከዶሪን እጅ ላይ ነው።

ሲቀርብ ቀመሰች። ይጣፍጣል፤ ኮምጣጣነቱም አልጠፋም። ለዶሪን ግን አልነገረቻትም።

«ብራምሊ ይባላል» አለች ዶሪን። «እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝዌል ውስጥ፣ ሜሪ አን የምትባል ልጅ ናት ከዘር ያበቀለችው። ኋላ ብራምሊ የሚባል ሥጋ ሻጭ ቤቱን ገዛው። አንድ ችግኝ ነጋዴ ‹ከዛፉ ቆርጬ ላባዛ› ቢለው ‹በእኔ ስም ከተጠራ› አለው።»

ሸዋዓለም ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይቺ ሴት እንዲያው ተረት ልታወራ አልመጣችም።

«ቆንጅት፣ ከሠርጉ በኋላ ስምሽ ማነው?»

ቆንጅት አቀረቀረች። «በኪት ቤተሰብ ስም ቼንጅ ላደርገው ነው። እዚህ አገር እንደዛ ነው፣ ማሚ። ካልሽ ግን ከኪት ጋር እንነጋገርበታለን።»

«ስለ አባትሽ ስም ከኪት ጋር ምን ያነጋግርሻል? ገረመው ሞተ እንጂ አልተሸጠ!»

«ምን አለች?» አለች ዶሪን።

ቆንጅት ሳትሸፋፍን ተረጎመችላት። የዶሪን ፊት ቀላ።

«እኔንም ሳገባ ስለ ስሜ የጠየቀኝ አልነበረም» አለች ቀስ ብላ። «ለኪት እኔ እነግረዋለሁ።»

«አይ፣ ራሴ እነግረዋለሁ።» ቆንጅት ቀና አለች። «ቆንጅት ገረመው ነኝ። አልቀይረውም።»

ሸዋዓለም ሳህኑን ወደ ዶሪን ገፋ አድርጋ በእንግሊዝኛ «ብዪ እንጂ» አለቻት። ዶሪን እስክትጎርስ ጠብቃ ነው እሷም ማንኪያዋን ያነሳችው።