የትኬት ቆራጯ ድምፅ

ፀጉር አስተካካዩ «ባለቦርሳው ተፈታ!» እያለ ሲገባ፣ መስታወት ቆራጩ አንድ የመስኮት መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ መቁረጫ አልማዙን እየጎተተ ነበር። ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚለው፤ ከሬዲዮ ቀድሞ ይሰማል፣ ከሬዲዮ በላይ ይጮኻል። መስታወት ቆራጩ መስመሩን ሳያቋርጥ እስከ ጫፍ አደረሰው። ከዚያ አልማዙን አስቀመጠና፣

«ማን አለ?» አለ።

«ማን ያላለ አለ! በአመክሮ ነው አሉ። ጠባዩ ስላማረ። ጠባዩ! ሰማኸኝ? ሃያ አምስት ዓመት የተፈረደበት አሸባሪ፣ ዓመቱን ሳይጨርስ እጁን ኪሱ ከትቶ እህቱ ቤት ገባ።»

«እሺ።»

«እሺ? እሺ ነው የምትለኝ?»

«ታዲያ ምን ልበልህ?»

ሬዲዮ ወሬውን ለሚቀጥለው ሱቅ ይዞ ሄደ።

ባለቦርሳው ማን እንደሆነ በከተማው የማያውቅ አልነበረም። ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት ሳለ፣ አንድ ቡድን ፈንጂ ሞልቶ ያሸከመውን ቦርሳ አውቶቡስ ተራው አዳራሽ ውስጥ ትቶ የወጣ ሰው ነው። ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ሰው ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ከነሱ አንዷ የመስታወት ቆራጩ ሚስት ነበረች። እዚያው አዳራሽ ትኬት ቆራጭ ሆና ትሠራ ነበር። ሲጋቡ ጓደኞቻቸው «ሁለት ቆራጭ አንድ ቤት ገባ፤ እንግዲህ የሚወልዱት መቀስ ነው» እያሉ ስቀውባቸዋል። እውነትም አንዲት ልጃቸው አንደበቷ የሚቆርጥ ሆና አደገች። አሁን አስተማሪ ናት።

የአዳራሹን የፊት መስታወት፣ ከጣራ እስከ መሬት የሚወርደውን፣ የገጠመው ራሱ ባሏ ነበር። ሐኪሙ «እሳቱ አይደለም የገደላት፤ መስታወቱ ነው» ብሎታል። ሰው ሁሉ ሥራውን ይተዋል ብሎ ጠበቀ። አልተወም። «ሌላ ምን አውቃለሁ?» ይል ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን፣ የሚሰበር ነገር በእጁ ይዞ ሳይሰበር ሲያስቀምጠው ብቻ ነበር ትንፋሹ የሚመለስለት።

ቁጣው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። «የሞቱትስ በአመክሮ ይነሳሉ ወይ?» የሚል ቃል ከአንድ ሰው አፍ ወጥቶ የሁሉም ሆነ። ከዚያ ሰልፍ ወጣ። የሟች ቤተሰቦችን ወክላ ድምፅ ማጉያውን የያዘችው የመስታወት ቆራጩ ልጅ ነበረች።

«አባዬ፣ አንተም ና እንጂ» ብላው ነበር።

«እግሬን ያመኛል።»

«ሥራ ስትሄድ አያምህም?»

«ሥራውንማ ለምዶታል።»

ልጅቷ የእናቷን ጉርድ ፎቶግራፍ አስባዝታ ነበር። በየስልክ እንጨቱ፣ በየግድግዳው፣ በየታክሲው የኋላ መስኮት ተለጠፈ። ከሞተች ስንት ዓመት ያለፋት ሴት በአንዴ ከተማውን ሞላችው። ሱቁ ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይም ለጠፏት። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት መስታወቶች ሁሉ ወደ ምሰሶው ነው የሚያዩት። ስለዚህ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በትልቁም በትንሹም መስታወት ውስጥ እሷ ቆማለች። አንዱን ሲያዞረው ከሌላው ትመጣለች። ፎቶ አንሺው «አትሳቂ» ብሏት ስለነበር አፏን ገጥማለች። ያ ሁሉ አፍ! አንዱም አይናገርም።

መልኳማ መቼ ጠፍቶት ያውቃል። የጠፋው ድምፅዋ ነበር። መቼ እንደጠፋው እንኳ አያውቅም። ትለው የነበረው ነገር ይመጣለታል፤ የምትልበት ድምፅ ግን የለም። ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሰው ምን ይለዋል?

በሰልፉ ማግስት አንዲት ሴት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ሻርፗን ግንባሯ ድረስ ስባ፣ ሁለት የተቋጠሩ ክሮች ይዛለች።

«ጋሼ፣ የመስኮት መስታወት ፈልጌ ነበር። ይሄ ቁመቱ፣ ይሄ ወርዱ ነው።»

«በክር አይሆንም እህቴ፣ ክር ይለጠጣል። መጥቼ እለካልሻለሁ። ቤትሽ ወዴት ነው?»

ሴትየዋ ክሩን በጣቷ ጠመዘዘችው። «ሌሎቹ ሱቆች እምቢ ብለውኛል። እርስዎንም ከማታልልዎት ልንገርዎት። የሱ እህት ነኝ። የባለቦርሳው። ትናንት መስኮቱን ሲሰብሩት ስባሪው የወረደው ልጄ አልጋ ላይ ነው። ደግነቱ አልተኛችም ነበር።»

መስታወት ቆራጩ ከሴትየዋ ትከሻ በላይ አሻግሮ ምሰሶው ላይ ያለችውን ሚስቱን አየ። ሴትየዋ እሱ ማን እንደሆነ አላወቀችም።

«ሂጂ፣ እመጣለሁ» አላት።

ሰውየውን ማየት ፈልጎ ነበር። ማየት ብቻ ይሁን ሌላም ነገር፣ ለራሱም አልታወቀውም። መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በእጅ ጋሪ ጫነ፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ከጎኑ አደረገና ገፋው።

የቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «ገዳይ» ተብሎ ተጽፏል። ሴትየዋ ወደ ልጇ ክፍል አስገባችውና ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጣች። ትንሿ አልጋ ላይ ስባሪው ገና ብልጭ ብልጭ ይላል። ክፈፉ ላይ የቀረውን ስለት በፒንሳ እየነቀለ አወጣ፣ መስታወቱን ይዞት የነበረውን የደረቀ ስቱኮ ፋቀ፣ ለካ፣ ቆረጠ። መስታወቱ ትልቅ ስለሆነ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል። «ሰው የለም?» ብሎ ተጣራ።

ያኔ ፍርድ ቤት ያየው ባለቦርሳ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ዳኛው ላይ የሚያፈጥ ልጅ ነበር። አሁን በሩ ላይ የቆመው ትከሻው የወደቀ፣ የሸበተ ሰው ነው።

«እኔ ልያዝልዎት?» አለ።

«ከታች በመዳፍህ» አለ መስታወት ቆራጩ። «ቀስ ብለህ።»

ሁለቱ መስታወቱን በመካከላቸው አቆሙት። ማዶ የሰውየው ፊት አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ የራሱ ፊት ተደርቦ ይታያል። አንዱን ከሌላው መለየት ሲያቅተው ዓይኑን ጨፈነ።

«ሚስቴ እዚያ ነበረች» አለ።

መስታወቱ በሰውየው በኩል ዘመመ።

«ያዝ! አትልቀቀው!»

ያዘው። «የትኛዋ ነበሩ?» አለ።

«ትኬት ቆራጯ።»

«እሳቸው… ጠርተውኝ ነበር እኮ።»

«ምን አልክ?»

«ቦርሳውን አስቀምጬ ስወጣ አይተውኛል። ‹ወንድምዬ! ዕቃህን ረሳህ!› አሉኝ። ደግመው ሲጠሩኝ ቀርበውኝ ነበር። እስከ ፊተኛው መስታወት ድረስ ተከትለውኝ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

«አልዞርኩማ። ሮጥኩ።» ሰውየው መሬት መሬቱን እያየ ነበር። «ለፍርድ ቤቱ አልተናገርኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ግን ሳልሰማቸው የዋልኩበት ቀን የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እየሳቁ ነው የሚጠሩኝ፤ ዝንጉ ታናሽ ወንድማቸውን እንደሚጠሩ።»

እሷ ራሷ ናት። ተሳፋሪ የረሳውን ጃንጥላ ይዛ የሚነሳ አውቶቡስ የምታሳድድ ሴት ነበረች። ባሏ «አንድ ቀን ጎማ ሥር ትገቢያለሽ» እያለ ይቆጣት ነበር። ይህን ሲያስብ ጨርሶ ያልጠበቀው ነገር መጣበት። ቅናት።

«አንተ ትሰማታለህ?» አለ። «እኔ ባሏ ይሄን ሁሉ ዓመት ድምፅዋን ስፈልግ፣ አንተ ጋ ናት ለካ! እንዴት አድርጋ ነው ያለችው? በል እንጂ! እንዳለችው አድርገህ በለው!»

ሰውየው አፉን ከፈተ። «ወንድምዬ…» አለ። የወጣው የአንድ ጎልማሳ ወንድ ሻካራ ድምፅ ነበር። መቀጠል አልቻለም።

በዚያች ሰዓት መስታወቱን ቢገፋው ኖሮ ሰውየው ላይ ነበር የሚወርደው። አስቦታል። በኋላ ለልጁ «አስቤዋለሁ፣ አልዋሽሽም» ብሏታል። ግን እጁ በሕይወቱ ሙሉ የለመደው መያዝን ነው።

«አንሳ» አለው።

አንስተው ክፈፉ ውስጥ አስገቡት። ስቱኮውን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ጫነ፤ ጥግ ጥጉን ሳይቀር ጥርት አድርጎ ጨረሰ። ከቤቱ ሲወጣ ሰውየው «ጋሼ» አለው። መስታወት ቆራጩ ሳይዞር ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

ሬዲዮ አይቶት ኖሮ ልጁ አባቷ ሳይነግራት ሰምታለች። ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ሱቅ መጣች፤ እጇ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ እንኳ አላራገፈችም።

«ለሱ መስታወት ገጠምክለት?»

«ለሕፃኗ ነው የገጠምኩት።»

«አባዬ፣ በናትህ! ያን መስኮት የሰበርኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ!»

«አውቃለሁ» አላት። አያውቅም ነበር። «ቁጭ በይ፣ የምነግርሽ አለ።»

ሁሉንም ነገራት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው፤ ከዚያ እንደ ልጅነቷ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ሲወጣላት ግን ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ብድግ አለች።

«ዕቃ የጣለ መስሏት ልትረዳው ነው የሮጠችው! እሱ ሰምቶ ሄደ፤ ሰምቶ ደበቀ። ይሄ መነገር አለበት።»

«አይሆንም። ይሄ የኛ ነው።»

«የኛ ብቻ አይደለም። ሌሎች ቤተሰቦች አሉ።»

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ለሕዝብ ከሰጠሽው ተመልሶ የኛ አይሆንም።»

«በዝምታህስ ምን ተመለሰልህ?»

አልማዙን አንስቶ ወደ ሥራው ዞረ።

በሚቀጥለው ሰልፍ ላይ ተናገረችው። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ወንድምዬ! ዕቃህን ረሳህ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ሕዝቡ ቃሉን እያስተጋባ ወደ ባለቦርሳው ቤት ነጎደ።

መስታወት ቆራጩ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሰማው። መጀመሪያ ከሩቅ የመኪና ድምፅ መሰለው። ቃሉን ሲለየው ሱቁን ክፍት ትቶ ሮጠ። የሚስቱ የመጨረሻ ቃል ከጎረምሳ አፍ፣ ከባልቴት አፍ፣ ከማያውቃት ሰው ሁሉ አፍ ይወጣል። አንዳንዱ እየሳቀ ነበር የሚለው። ሰው እየገፋ፣ እየተገፋ ፊት ሲደርስ ልጁን ከቤቱ ፊት ለፊት አያት። ድምፅ ማጉያውን አፏ ላይ አድርጋ አንዴ ብቻዋን ጠራች።

«ወንድምዬ! ዕቃህን ረሳህ!»

በሩ ተከፈተ። ሰውየው በነጠላ ጫማ ወጣ። ድንጋይ የያዙትን አላየም፤ ሰልፉን ተከትለው የመጡትን ፖሊሶችም አላየም። አንድ ሰው ከሩቅ ተጠርቶ እንደሚመጣው፣ ወደ ልጅቷ ቀጥ ብሎ መጣ። ልጅቷ ድምፅ ማጉያውን ከአፏ አወረደች። ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመና፣

«አቤት» አለ።

ከዚያ አንድ ድንጋይ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ መጥቶ ግንባሩን አገኘው።

አልሞተም። ፖሊሶቹ ከሰው እግር ሥር ጎትተው መኪና ውስጥ ከተቱት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አመክሮው ለሕዝብ ጸጥታ ሲባል ተሰረዘ ተባለ፤ ወደ እስር ቤቱ ተመለሰ። ከተማው አሸነፍን አለ፤ ሬዲዮ ያን ቀን ፀጉር በነፃ አስተካከለ። እህቲቱ ልጇን ይዛ ወዴት እንደሄደች ሳይታወቅ ሰፈሩን ለቀቀች። ብዙም ሳይቆይ ነዳጅ ተወደደና ሰው ስለ ነዳጅ መቆጣት ጀመረ። ምሰሶው ላይ ያለችው ሴት በፀሐይና በዝናብ ነጣች፤ መጀመሪያ ዓይኗ፣ ቀጥሎ አፏ ጠፋ።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ወደ አባቷ አልመጣችም። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ አሁን ሳስበው የሚመጣልኝ የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ነው። የሷን ቃል ጮኼ ጨረስኩት።»

አባቷ አንድ ትንሽ መስታወት አንስቶ መጥረግ ጀመረ።

«ደግሞ አንድ ነገር አለ። ‹አቤት› ሲል ሕዝቡን አይደለም ያየው። እኔን ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲጮኽ ቤቱ ተቀምጦ፣ እኔ ስጠራው ነው የወጣው።» ቀና ብላ አየችው። «ድምፄ እንደሷ ነው?»

መስታወት ቆራጩ በእጁ የያዘውን አስቀመጠ። ይህን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲያስበው ነው የከረመው።

«አላውቅም» አለ። «እስቲ ተናገሪ።»

«ምን ልበል?»

«የፈለግሽውን። እሱን ብቻ አትበይ።»

ስለ ተማሪዎቿ ጀመረች፤ ስለ አንዱ ሰነፍ፣ ስለ ሌላው ቀልደኛ፣ የርዕሰ መምህሩ ጫማ እንዴት እንደሚጮኽ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አንዳንድ ቃል ላይ ልቡ ድንግጥ ይላል፤ ሊይዘው ሲል ይጠፋል፤ የልጁ ድምፅ ብቻ ይቀራል። «ነው?» ስትለው «ቀጥዪ» ይላታል።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ ሁሌ ትመጣለች። ታወራለች፤ እሱ ይሰማል። የሰማውን ግን እስካሁን አልነገራትም። እሷም መጠየቁን ትታለች።