ጡብ የሚያህለው ሜሞሪ

አየነው ነገርን በልኩ መናገር ጭራሽ አልፈጠረበትም። በከተማቸው በቆሰበር ካፊያ ከጣለ፣ እሱ ዘንድ ዝሆን የሚወስድ ጎርፍ ነው። ብርዱማ አንድ ጠዋት ጥላውን ከግድግዳ ጋር አጣብቆበት፣ እስከ ምሳ ያለ ጥላ ዋልኩ ይላል።

ሚስቱ ሀይማኖት ድሮ ስቃ ትሞት ነበር። አሁን አትስቅም። በዚህ አፉ የተነሳ የዶሮ እርባታውም የፎቶ ኮፒ ሥራውም ፈርሰዋል። የቀረችው መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ጌም ቤት ብቻ ናት።

«ይቺም እንደ ሌሎቹ ወሬ ሆና ከቀረች፣ እኔ ዳንግላ እናቴ ቤት ነኝ» አለችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር፤ ረጋ ብላ ነው ያለችው።

ጌም ቤቷ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ አሮጌ ማሽን ናት። ማሽኑ ጌሙን በካሴት የሚጎርስ፣ በዕድሜ ሀይማኖትን የሚያክል ነው። ስልክ ከመጣ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከቶ ተመለሰ። ችግሩ፣ ሁሉም የሚፈልጋት አራት ሰው የምታጫውተው የመኪና ውድድር ካሴት «ሜሞሪ ጨምሩልኝ» የሚል ጽሑፍ አውጥታ ትደርቃለች። ከማሽኑ ፊት ትንሽ ክዳን አለች፤ ሲከፍቷት የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራጭ ተሰክታለች። እሷን ነቅሎ ሜሞሪ ያላትን መሰካት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

አየነው ይህን አውቆ ዝም ይላል?

«ሜሞሪው ይግባ እንጂ የአዊ ፈረሰኛ በሙሉ እዚህ ቴሌቪዥን ውስጥ ይጋልባል! አቧራው ያስነጥሳችኋል!»

«የመኪና አይደል እንዴ ጌሙ?» አለው ባጃጅ ነጂው ፀጋው።

«መኪኖቹ ለፈረሶቹ መንገድ ይለቃሉ።»

ለሸቀጥ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሀብቱ እንዲያመጣ ተለመነ። ፎቶ እንዳይላክለት ኢንተርኔት የለም፤ ዕቃውን አየነው በስልክ በወሬ ብቻ ነገረው። መንገዱ ተከፈተ ተዘጋ ሲባል ሁለት ወር ሄደ። በመጨረሻ ሀብቱ ደወለ፦ «አግኝቼዋለሁ፤ ነገ እገባለሁ።»

የዚያኑ ዕለት አየነው አሮጌዋን ቁራጭ ነቅሎ፣ ደንበኞቹን በፀጋው ባጃጅ አሳፍሮ ዘንገና ሐይቅ ዳር ወረደ።

«እዩዋት! ውስጧ ባዶ ነው። ዕድሜ ልኳን ቦታ ይዛ የኖረች ሥራ ፈት!» ብሎ ወረወራት። ሐይቁ ጧ እንኳ ሳይል ዋጣት። አየነው ግን ውሃው አንድ ክንድ ከፍ አለ ብሎ ማለ።

በማግስቱ ቤቱ ጢም አለ፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠለም ነበር። ሀይማኖትም ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ብላ ከፊት ተቀመጠች። ሀብቱ ጋዜጣውን ፈትቶ ጡብ የሚያህል ጥቁር ነገር አወጣ። አየነው ወደ ቀዳዳው አስጠጋው። የቀዳዳው አራት እጥፍ ነው።

«አያ ሀብቱ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ሜሞሪ ነዋ! ሻጩ ሰውየ መጀመሪያ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሰጥቶኝ ነበር፤ የዚህ ማሽን ናት ብሎ ምሎልኝ። አንተ ደግሞ ‹ጡብ ያህላል፣ በሁለት እጅ ነው የሚያዝ› ብለኸኛል። ሊሸውደኝ ነው ብዬ ትንሿን መልሼ ትልቁን ተቀበልኩ።»

«ታዲያ ደውልለትና ትንሿን...»

«ለሌላ ሰው ሸጣት እኮ፣ እዚያው ዓይኔ እያየ። የመጨረሻዋ ናት ብሎኛል።»

«ግድ የለም፣ በድሮው እንጫወታለን» አለና አየነው ማሽኑን አበራ። ቴሌቪዥኑ ጨለማ። አጥፍቶ አበራ። ጨለማ።

«አሮጌዋን ነቅለሃታል እንዴ?» አለ ሀብቱ። «ሰውየው አስጠንቅቆኝ ነበር። ባዶም ብትሆን የምታገናኘው እሷ ናት፤ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ አይነሳም።»

አየነው ወደ ሰዉ ዞረ። «ሞቷል» አለ። «ማሽኑ አይሠራም። በቃ።»

እንደ ልማዱ ያጋነነ መስሏቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አቤት ፊቱን ሲያጠቁረው!» አለ ፀጋው። «በል አሁን አብራው!»

«እውነቴን ነው።»

ሳቁ ባሰ። ያልሳቀችው ሀይማኖት ብቻ ነበረች። ፊቱን አየችው።

«ምንም አልጨመርክበትም?»

«ምንም።»

«አውቄያለሁ» አለችና ተነሳች። ከበሩ ኋላ ሻንጣ አነሳች፤ መቼ እንዳዘጋጀችው አየነው አያውቅም። ውጭ የሚኒባስ ረዳት «ዳንግላ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። አየነው ሊከተላት ሲል ፀጋው ጃኬቱን ጨመደደው።

«ሳታሳየን ወዴት?»

«ልቀቀኝ! ሚስቴ ሄደች!»

«ኧረ እሷንም አሠልጥኗታል!» አለ ፀጋው፤ ሰዉ አጨበጨበ።

ሲለቁት ሚኒባሱ የዳንግላን አስፋልት ይዟል። አየነው በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ሰዉ ጆይስቲኩን ተቀባብሎ፣ በጠፋው ቴሌቪዥን ላይ አፍጦ፣ እንዲያበራለት ይጠብቃል።