ሰላምታ አመላላሹ

ወንበሩ ላይ የተከመረውን ጨርቅ አንሥታ፣ አቧራውን በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ ወደ በሩ ዞር ብላ «ይግቡ አባባ» ካለች በኋላ ነው ሰውየው መሞታቸው ትዝ ያላት። በሩ ላይ ማንም የለም። ኮሪደሩ ላይ የተሰማው ኮቴ የጎረቤት ነበር፤ አለፈ። መጋረጃ ሰፊዋ ጨርቁን እንዳቀፈች ቆመች። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርሃን በተንጠለጠሉት ስስ መጋረጃዎች ተጣርቶ ገብቶ ክፍሉን ወተት አስመስሎታል። በእንዲህ ያለው ሰዓት የሞተና ያለ ሰው ለመለየት ትንሽ ያስቸግራል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት ይመጡ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቧንቧ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ የታመመ ሊጠይቁ ገብተው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካዩ ጸሎቱን ያሳርጉና እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ክረምት ከበጋ ከእጃቸው በማይለየው ጥቁር ጃንጥላ የተነሣ ሰው ሁሉ «አባባ ጃንጥላ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሳይቀየሙ አቤት ይላሉ። እሷ ዘንድ ሲመጡ ግን ሥራቸው ማንቀላፋት ነበር። የስፌት መኪናው ድምፅ ሸለብ ያደርጋቸዋል፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ያርፋል። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ድንገት ይናገራሉ።

«እህትሽ ሰላም ብላሻለች። ዓይንሽን እንዳትጎጂ፣ ሲመሽ አትስፊ ብላለች።»

«እሷ?»

«እሷ ናታ። ሌላ እህት አለሽ እንዴ? ለሷስ ምን ልበልልሽ?»

«ምንም አይበሉልኝ።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» ይሉና እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ።

ከታላቅ እህቷ ጋር የተኳረፉት እናታቸው የሞተች ዕለት ነው። እናትሽ ጠናባት ተብላ ስትጠራ «የሙሽራዋን ልብስ ልጨርስና እመጣለሁ» ብላ ስትዘገይ እናትየው ሳትጠብቃት ሄደች። እህቷ በለቀስተኛ ፊት «አንቺ ስትሰፊ እናታችን ሞተች» አለቻት። ዓመታት አልፈዋል፤ ቃሉ ግን መርፌ ባነሣች ቁጥር ይመጣባታል። ይቅር እንዳትል ቂሙ ነበረ፤ ጨርሳ ቆርጣ እንዳትተው ደግሞ ያ የቅዳሜ ሰላምታ ነበረ። እህቷ ስለ ዓይኗ የምታስብ ከሆነ ነገሩ ሁሉ አላለቀም ማለት ነው። ለማንም አልነገረችም እንጂ ማታ ማታ መኪናዋን በጊዜ ትከድን የነበረው ለእህቷ ለመታዘዝ ብላ ነው። አሁን አመላላሹ ሞቱ። ሰላምታው ከእንግዲህ በማን በኩል ይምጣ?

ለመታሰቢያቸው ወደ ተጠራው ስብሰባ ስትደርስ ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ ጢም ብሏል። ከኋላ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። መጋቢው ስለ ሽማግሌው አገልግሎት ሲናገር «ውሸት የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። ስልክ ሲደወል እንኳ የሉም አያስብሉም» አለ። ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ቀጥሎ አንድ የታክሲ ሹፌር ተነሣ። «መጠጥ ያስተዉኝ እሳቸው ናቸው» አለ። «አንድ ቀን አትጠጣ ብለውኝ አያውቁም። መጠጥ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላቸውን ይዘው ይጠብቁኝና ደግፈው ቤቴ ያደርሱኛል። ኋላ እሳቸውን ብርድ እንዳይመታብኝ ብዬ ተውኩት።»

አዳራሹ ሳቀ፤ የሚስቁትም አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። መጋረጃ ሰፊዋ ሁሉም ነገር ከሩቅ ይሰማት ጀመር። ከፊት ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ አባባ ጃንጥላ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ያንቀላፉ፣ አሁን ዓይናቸውን ሳይገልጡ አንድ ነገር የሚናገሩ መሰላት። ዓይኗን አሸት አድርጋ ስታይ ከዚያ ቦታ የተነሣችው እህቷ ናት። የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ ጨብጣ እንደ ምንም ቆመች።

«እህት አለችኝ» አለች። «ተኳርፈናል፤ የማታውቁ የላችሁም። አባባ ግን በየሳምንቱ ሰላምታዋን ያመጡልኝ ነበር። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ፣ ደረጃ አትውጪ ብላሻለች ይሉኛል። ለሷስ ምን ልበልልሽ ሲሉኝ ወሬ እለውጣለሁ። ትዕቢተኛ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ መልስ ልኬ አላውቅም። እሷ ግን አልሰለቸችም።»

መጋረጃ ሰፊዋ ከተደገፈችው ግድግዳ ቀና አለች። እህቷን ጉልበቷን እንደሚያማት የሰማችው ገና አሁን ነው። ዓይንሽን ያሉትም እሳቸው፣ ጉልበትሽን ያሉትም እሳቸው! ስልክ ላይ «የሉም» የማያስብሉት ሰውዬ! ተናደደችባቸው፤ ፊት ለፊቷ ቢሆኑ ኖሮ ትጮህባቸው ነበር። ያን ሁሉ ማታ መኪናዋን የከደነችው ማንም ላልላከው ቃል ነው። ሰው እንዳያያት ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች። ግን ንዴቱ ውስጥ ሆና፣ ሽማግሌው ከእሷ ቤት ወጥተው በዝግታ ወደ እህቷ ሲያዘግሙ፣ እህት ለእህቷ ብትልክ ምን ትል ነበር እያሉ በመንገድ ሲያስቡ ታዩዋት። ያኔ በጣም ናፈቋት።

ስብሰባው ሲበተን እህቷ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አርጅታለች።

«ሚጡ» አለች። በዚህ ስም የሚጠራት ሌላ ሰው የለም።

«እትዬ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ። አባባ ደግ ነበሩ፤ ለኔ አዝነው የፈጠሩት እንዳይሆን አንዳንዴ እጠረጥራለሁ። እውነት አንቺ ነሽ ስለ ጉልበቴ ስትጠይቂ የኖርሽው?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «አልላክሁም፤ አንቺም አልላክሽም» ብትል እኩል ይሆናሉ፤ እኩል ሆነውም እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ከኋላ የሚወጣው ሕዝብ በጎንና በጎናቸው እየታከከ ያልፋል። እህቷ መልሱን እየጠበቀች አንድ እግሯን አወረደችና ቀጣዩን ደረጃ በጫማዋ ፈለገችው፤ አጣችው፤ ፊቷ በሕመም ተጨማደደ። መጋረጃ ሰፊዋ ቀረብ ብላ በእህቷ ብብት ሥር ክንዷን አስገባችና ክብደቷን ወደ ራሷ ሳበች።

«ታዲያ ሌላ ማን ሊጠይቅሽ ኖሯል?» አለች ቆጣ ብላ። «ደረጃ አትውጪ ብዬ ስንት ጊዜ ሰው ልላክብሽ?»