መድኃኒትዎን ዋጡ?

ሚጣ አያቷን ቁም ሳጥን ውስጥ ማስገባት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

«እቴቴ፣ አንዴ ብቻ፤ በሞቴ!» ትላለች። ካፖርቶቹንና ቀሚሶቹን ግራና ቀኝ ገፋ አድርጋ በርጩማ ታስቀምጣለች። እቴቴ ጉልበታቸውን እያሻሹ ይቀመጣሉ። ከዚያ ስልኳን አፋቸው ሥር ትደቅንና በሩን ገርበብ ታደርገዋለች።

«እስቲ ‹መድኃኒትዎን ዋጡ?› በይ።»

«መድኃኒትዎን ዋጡ?»

«አሁን ደግሞ ቆጣ ብለሽ፣ ‹እንዳይዋሹኝ!›»

«ማነው የሚዋሸኝ?»

«ማንም። ዝም ብለሽ በይው።»

«ማንም ካልዋሸኝ ምን አስቆጣኝ?»

ሚጣ ትስቃለች እንጂ አትመልስም። ቁም ሳጥኑ ለምን እንዳስፈለገ ሲጠይቋት፣ «ልብሱ የመኪናውን ጩኸት ይውጥልኛል» አለቻቸው። ይሄም መልስ ሆኖ! ሰው ድምፁን የሚደብቀው መቼ ነው?

እቴቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ጋዜጣ ያነባሉ፤ ያላነበቡት ወረቀት ላይ ፊርማቸውን አያኖሩም። የፎቁ ነዋሪዎች በሌሉበት «መርማሪዋ» እንደሚሏቸውም ያውቃሉ። ይበሏቸው። ልጃቸው ሞታ የአራት ዓመት ሕፃን ያስታቀፈቻቸው ሰው፣ ሁሉን ካልጠረጠሩ በምን ያሳድጓታል?

ያቺ ሕፃን ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ቋሚ ሥራ ነው፤ ጡረታ ያለው፣ የእቴቴን ሕክምና ጭምር የሚሸፍን። እቴቴ ስለዚህ ሥራ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ጮክ ቢሉበት በርግጎ የሚበር ይመስላቸዋል።

ሰሞኑን ግን ልጅቷ ልጅቷ አይደለችም። ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮ እየሮጠች ትመጣለች፤ ምሳውን አትነካውም። ስልክ ሲደወልላት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍታለች። ደግሞ ሁለተኛ፣ ትንሽ ስልክ አላት፤ ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ የደበቀችው። እቴቴ ያገኙት ካልሲ ሊያጣጥፉ ገብተው ነው እንጂ ሊፈትሹ አልነበረም። እሺ፣ ትንሽ ፈትሸዋል።

መጀመሪያ «ወንድ ነው» አሉ። ወንድ ቢሆን ግን መስታወት ታይ ነበር፤ እሷ እንኳን መስታወት ልታይ ፀጉሯን ካበጠረች ስንት ቀኗ! ቀጥሎ ቤቱ ትዝ አላቸው። ድምፄን ቀድታ፣ «አውርሻታለሁ» አሰኝታኝ እንደሆነስ? ይህንን እንኳ አፍረው ተዉት፤ ከማን ቀምታ ለማን ልትሰጠው? ሦስተኛው ጥርጣሬ ግን አልለቃቸው አለ። በስልክ ሰው የሚያታልሉ ሌቦች እንዳሉ ጋዜጣ ላይ አንብበዋል። የአሮጊት ድምፅ ደግሞ ማን ይጠረጥራል? እንጃ፣ የልጄ ልጅ ክፉ ሰዎች እጅ ገብታለች፤ እኔኑ ማጥመጃ አድርጋኛለች አሉ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለዓይናቸው ክሊኒክ ሄደው ወረፋ ይጠብቁ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠችው ወፍራም ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ጆሮዋ ስለሚያስቸግራት ይሁን ሌላ፣ ድምፁን ለክፍሉ ሁሉ ለቀቀችው።

«እንደምን አረፈዱ? መድኃኒትዎን ዋጡ? እንዳይዋሹኝ! ከዋጡ አንድን ይጫኑ።»

እቴቴ ቀና አሉ። የገዛ ራሳቸው ድምፅ ነው፤ ቁጣው ሳይቀር።

ሴትዮዋ አንድን ተጫነችና እየሳቀች ዞረችላቸው። «ይህቺ ነዝናዛ! በየቀኑ ነው የምትደውለው። ልጄ ናት ያስመዘገበችኝ፤ ካልዋጥኩ ሄዳ ለልጄ ታሳብቅብኛለች።»

እቴቴ ድምፃቸው እንዳይታወቅ በሹክሹክታ፣ «ሌላስ ምን ትጠይቅሻለች? የቤት ቁልፍ? የባንክ ቁጥር?» አሉ።

«ኧረ ምንም! ክኒኔን ብቻ። ምነው፣ ጉንፋን ይዞዎታል?»

«ይዞኛል» አሉ እቴቴ፤ ተራቸው ሳይደርስ ተነሥተው ወጡ።

ሚጣ ከሥራ ስትገባ ትንሿ ስልክ ከነካልሲው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«ቁጭ በይ» አሉ እቴቴ። «የማን ወንበዴ ነው የሚያሠራሽ?»

ሚጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም አፍረጠረጠችው። የሚያሠራት ወንበዴ የለም፤ ራሷ ናት። ልጆች ሥራ ውለው እናት አባታቸው መድኃኒት ይውሰዱ አይውሰዱ ስለማያውቁ፣ በሰዓቱ ደውሎ የሚያስታውስ ነገር ሠርታለች። ማለዳ ሥራ ከመግባቷ በፊትና በምሳ ሰዓት፣ ስምንት ወር ሙሉ። በእቴቴ ድምፅ መደወል ከጀመረ ወዲህ ሦስት መቶ ያህል አዛውንት ተመዝግበዋል።

«የራሴ ድርጅት ነው፣ እቴቴ። ስታርታፕ ይሉታል።»

«ይበሉት። መልካም ሥራ ከሆነ ምን አስደበቀሽ?»

«የቅጥር ውሌ ነዋ! በጎን የራሱን ሥራ የሠራ ይባረራል። ሥራው ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ የሠራሁትን ሁሉ የእኛ ነው ብለው ይወስዱታል።»

«ታዲያ ለቀሽ አትሠሪም?»

«ያንቺን ሕክምና ማን ይሸፍናል?»

እቴቴ ስልኳን ከነካልሲዋ ወደ ሚጣ ገፉላት።

«ደግሞ አለቃዬ ጠርጥሯል» አለች ሚጣ። «ምሳ ሰዓት የት ነው የምትጠፊው ይለኛል። ይባስ ብሎ የገዛ እናቱን አስመዝግቧቸዋል። የእኔ መሆኑን አያውቅም። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ሳየው ክው ነው ያልኩት።»

«እንግዲያ ድምፄን ያውቀዋል በይኛ!»

«ሳያውቀው ይቀራል?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ የእቴቴ ጥርጣሬ አልጠፋም፤ ፊቱን ብቻ አዞረ። አሁን የሚጠረጥሩት ዓለሙን ሁሉ ሆነ። ቆጣሪ አንባቢው ለምን ሁለቴ መጣ? የታችኛዋ ጎረቤት ደረጃው ላይ ምን ቆማ ታዳምጣለች? ዳቦ ቤት እንኳ ሲሄዱ በጣታቸው እየጠቆሙ ይገዙ ጀመር።

ሐሙስ ለዓርብ ያ መደወያ ተበላሸ። ሚጣ «አሞኛል» ብላ ከሥራ ቀረችና ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስትጠግን ዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ያየችው ሚጣ አመድ መሰለች።

«አለቃዬ ነው! ሊጠይቀኝ መጣ። እቴቴ፣ በፈጠረሽ ትንፍሽ እንዳትይ!»

እቴቴ ሻርፓቸውን አገጫቸው ላይ ጠመጠሙ። ሰውየው አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ ገባ፤ ረጅም፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ የማያርፍ።

«ጥርሷን ተነቅላ ነው፤ መናገር አትችልም» አለች ሚጣ።

«አይ፣ እማማ! እግዜር ይማርዎት» አለና ሻርፑን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ሚጣ ዞረ። «ትኩሳት ነበረሽ?»

«አዎ።»

«ሐኪም አየሽ?»

«አይቼ ነበር።»

«የትኛው ሐኪም?»

ይሄስ ከእኔም ይብሳል አሉ እቴቴ በሆዳቸው። ሰውየው ክፍሉን በዓይኑ ይለቅማል፤ የተዘጋውን ኮምፒውተር፣ ሽቦዎቹን፣ ትንሿን ስልክ። ሚጣ ትንሿ ስልክ ላይ ጋዜጣ ጣል አደረገችባት። ዘግይታለች።

በዚህ መሀል የሰውየው ስልክ ጢን አለ። አነበበውና ፊቱን አጨማደደ። «እናቴ የዘጠኝ ሰዓቱን አልዋጠችም» ብሎ ደወለ፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ለቀቀው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«አልውጥም!» አሉ እናቱ ከወዲያ ማዶ። «ትናንት ረስታኛለች። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ታቅፌ ዋልኩ። ሰው ሲለመድ ይንቃል። ይቅርታ ካልጠየቀችኝ አልውጥም፤ የትናንቱንም አልዋጥኩ!»

«እማዬ፣ እሷ እኮ የተቀዳች ድምፅ ናት።»

«የተቀዳኸውስ አንተ! ‹እየመጣሁ ነው፣ እየመጣሁ ነው።› እሷስ ውሸቴን እንደሆነ ታውቃለች።»

«የልብ መድኃኒት ነው፣ እማዬ፤ ሁለት ቀን መዝለል…»

«ልቤ የኔ ነው!»

ሰውየው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ልክ እቴቴ ፊት። ምን አስጠጋው? ወጥመድ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል! ሚጣ ከንፈሯን ነክሳ በዓይኗ «እንዳትናገሪ» ትላለች። እቴቴም አይናገሩም ነበር። ግን ከስልኩ ውስጥ የሴትዮዋ ትንፋሽ ይሰማል፤ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ ሰው። የእግር ኮቴ ግን አይሰማም። እቴቴ ይህን ትንፋሽ ያውቁታል፤ ባላቸው የመጨረሻዋን ሳምንት እንዲህ ነበር የሚተነፍሱት።

ሻርፑን ወደ ታች ጎተቱት።

«እመቤቴ፣ እንደምን ዋሉ? የትናንቱ ጥፋት የኔ ነው። መድኃኒትዎን ዋጡ?»

«ድምፅሽ ደከም ብሏል» አሉ እናቲቱ። «አሞሽ ነበር እንዴ?»

«ትንሽ አሞኝ ነበር።»

«ታዲያ አትነግሪኝም! እኔ ደግሞ ስረግምሽ ዋልኩ።» የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። «በይ፣ ዋጥኩ።»

«እንዳይዋሹኝ!»

«ኧረ ይህቺ ሴት! ምላሴ ሥር ነበረች፤ አሁን ዋጥኳት።»

ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ሚጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«ጥርስዎ ቶሎ ዳነልዎት» አለ ሰውየው።

«ልጄን ተዋት!» አሉ እቴቴ ተነሥተው። «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«የኮምፒውተሩን ፕሮግራምም እርስዎ ነዎት የሚጽፉት?»

«ያልተማርኩ መሰለህ?»

ሰውየው ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። ወደ ሚጣ ዞረ። «በቢሮ ኮምፒውተር ሠርተሽበታል?»

«አንድም ቀን!»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«አንድም ቀን አልኩህ።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰኞ ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤሽን ይዘሽ ነይ» አለ። «አንቺ ከጻፍሽው መልቀቅ ነው። እኔ ከጻፍኩት ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል፤ ሕግ ክፍል ካየው የሠራሽው ሁሉ፣ የእማማ ድምፅ ሳይቀር፣ የድርጅቱ ይሆናል። ላቆይሽ አልችልም፤ አውቄ ዝም ብል እኔም አብሬሽ እጠየቃለሁ።» በሩን ከፍቶ ደግሞ ዞር አለ። «ነገ ሰዓቷን እንዳታሳልፉባት።»

እቴቴ መስኮቱ ጋ ቆመው እስኪርቅ አዩት። መኪናው ውስጥ ሆኖ ይደውል ይሆን? ይጽፍ ይሆን? አልደወለም፤ አልጻፈም። ይሄም ቢሆን አላማራቸውም። ሰው ያለ ምክንያት ደግ ይሆናል?

«ሰኞ ሌላ ነገር ቢያመጣብሽስ?»

«እንጃ፣ እቴቴ።» ሚጣ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች።

እቴቴ በትከሻዋ ላይ አጮለቁ። «‹በገዛ ፈቃዴ› ብለሽ ጻፍሽ?»

«እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

«እንደዚያ መጻፉን አልጠየቅኩሽም። ፈቃድሽ ነው ወይ?»

ሚጣ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ስምንት ወር ሙሉ ልጽፈው እፈልግ ነበር» አለች። «ፈርቼ ነው። ሕክምናሽ እንዴት ይሆናል እያልኩ። አሁንም እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ» አሉ እቴቴ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱና ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መለሱላት።

«ቀን አልጻፍሽበትም። ጻፊበት» አሉ። «ኋላ ‹ካባረርናት በኋላ ነው የጻፈችው› እንዳይሉሽ።»