ያልሄደባት ኳስ

ሽጉጤ በሰው ሀገር፣ ጻካኔ በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው። ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ ዳቦና የስልክ ኤርታይም ይሸጣል፤ ሲመሽ እዚያው ከዱቄት ከረጢቶቹ አጠገብ ይተኛል። ሰፈሩ በሙሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል። የሁሉም ጓደኛ ነው፤ ከመካከላቸው ስሙን የጠየቀው ግን የለም።

ከሱቁ ፊት ለፊት ሜዳ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ የቤዝቦል ቡድን እዚያ ይጫወታል። አሰልጣኙ ባባ ንኮሲ፣ ሽጉጤ ዓይኑን ከሜዳው እንደማይነቅል አይተው ጨዋታ መዝጋቢ አደረጉት። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ከፍርግርጉ ሳይወጣ፣ ጎበዝ መዝጋቢ ወጣው።

ሰሞኑን የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ ሲቡሲሶ ጨዋታ ሊያቆም ሆነ። ለስንብቱ የሚነበብ ነገር እንዲያዘጋጅ ባባ ንኮሲ ሽጉጤን ለመኑት። የወርዋሪ ሥራ ኳስ በመወርወር ብቻ አያበቃም። መቺው በዱላ የመለሳት ኳስ በአጠገቡ ስታልፍ አንስቶ፣ መቺው ሮጦ ቤዝ የሚሉት ምልክት ላይ ሳይደርስ ለጓደኛው ማቀበል አለበት። ነክቷት ካበላሻት ስህተት ተብላ ትጻፍበታለች። ሽጉጤ የልጁን ዘመን ሁሉ ደምሮ፣ አካፍሎ ከሊጉ ጋር አስተያየው። የሊጉ ወርዋሪዎች ከነኩት መቶ ኳስ በአማካይ ስምንቱን ያበላሻሉ፤ ሲቡሲሶ ሁለት እንኳ አያበላሽም። ሽጉጤ የራሱ ልጅ የተሸለመ ያህል ደስ አለው።

በዚሁ መሃል ፊቤ ደወለች። ፊቤ የሀገሩ ልጅ ናት፤ ቮስሎሩስ ውስጥ መጋረጃ ትሸጣለች። ይዋደዳሉ፤ ግን በአካል በተገናኙ ቁጥር መጥታ በፍርግርጉ በኩል የምታናግረው እሷ ናት። እሱ ልሂድ ባለ ቁጥር ምክንያት አያጣም፤ ሱቁ ይዘረፋል፣ ፔፐሩ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ጊዜው አልፏል፣ መንገዱ አያስተማምንም። የሚያናድደው ደግሞ ምክንያቱ ሁሉ እውነት መሆኑ ነው።

አሁን ግን ቁርጡን ነገረችው። ወንድሟ ሊወስዳት ከደርባን መጥቷል። ሽጉጤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ወንድሟን ካነጋገረ ትቀራለች፤ ካልመጣ ከጸሎቱ በኋላ ትሄዳለች።

«አስቀይመኸኝ አታውቅም» አለችው። «መጥተህም አታውቅም።»

እስቲ አያለሁ አላት። ሰው ለዚህ እስቲ አያለሁ ይላል? እሱ አለ።

ቅዳሜ ባባ ንኮሲ ወረቀቱን ሊወስዱ መጡ። አንብበው ፈገግ አሉና፣ ለመሆኑ በአንድ ጨዋታ ስንት ኳስ ያነሳል ብለው ጠየቁት። ሽጉጤ ይህንን አላሰበውም ነበር። አሰላው። ሌሎቹ በአማካይ ሁለት ያነሳሉ፤ ሲቡሲሶ አንድ አይሞላም።

«ልጁ ኳሷ ትንሽ ራቅ ካለች አይንቀሳቀስም» አሉ ሽማግሌው። «ያልሄደባት ኳስ ስህተት ተብላ አትጻፍም፣ ማይ ፍሬንድ።»

ለስንብት የፊተኛው ቁጥር ይበቃል ብለው ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። ሜዳው ላይ ተነበበ፤ ሰው አጨበጨበ፤ ሲቡሲሶ ኮፍያውን አነሳ። ሽጉጤ ጭብጨባውን ከፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ ሰማ። አፈረ፤ ያፈረው ግን ለሲቡሲሶ አልነበረም።

እሁድ ጠዋት እንደ ልማዱ ከፈተ። የቁርስ ዳቦ ሽጬ እሄዳለሁ አለ። ከዚያ ወተት ፈላጊ መጣ፣ ከዚያ ስኳር። አንዲት ሴት ሳሙና ስትጠይቀው ግን ሳሙናውን ሰጥቷት የገንዘቧን መልስ ከመለሰላት በኋላ በሩን ቆለፈና ወጣ። ታክሲው እስኪሞላ ቆመ። ሽጉጤ ውስጡ ተቀምጦ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየ ተቁነጠነጠ፤ ፊቤን ለማጣት ይህን ያህል እንደሚፈራ እስከዚያች ሰዓት አላወቀም ነበር። ደወለላት። ስልኳ ዝግ ነው።

ቮስሎሩስ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ባዶ ነበር። አንዲት ሴትዮ የፕላስቲክ ወንበሮቹን እየደራረበች ማንን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቀችው።

«ፊቤን።»

ሴትዮዋ እጇን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«ሽጉጤ ማለት አንተ ነህ?» አለችው። «እንደምትመጣ ለሁላችንም ነግራን ነበር። እስከ መጨረሻው መዝሙር ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።»

አዎ ሊል አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው። ሴትዮዋ ከደራረበቻቸው ወንበሮች አንዱን አውርዳ እሱን አስቀመጠችበት።