ቀላ ያለችው ኮከብ

ሊና የሞተችው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር። ትኩሳቱ ዓርብ ጀመራት፤ እሑድ ጠዋት አባቷ አስከሬኗን አቅፎ ከሐኪም ቤት ወጣ። አባቷ ኢሳይያስ ቦንጋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው፤ እናቷ በላይነሽ ገበያ ላይ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ሌላ ቅመም ትሸጣለች። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት አንዷ፣ ጎረቤታቸው እትዬ ሰብሌ፣ በላይነሽን አቅፈው፣ እንዲህ ያለች ንጹሕ ነፍስ አፈር አይበላትም፣ እግዜር ኮከብ አድርጎ ከላይ ሰቅሏታል አሏት። ሌላው ሰው ያለው ሁሉ ከጆሮዋ አልገባም፤ ይህ ግን ገባ። ከአርባዋ በኋላ በላይነሽ ማታ ማታ፣ ራት ሳይቀርብ፣ በረንዳው ላይ ትቀመጥ ጀመር። በዚያ ወራት የቦንጋ ሰማይ ጥርት ይላል። ከጫካው በላይ አንዲት ቀላ ያለች ኮከብ መረጠች። ለማንም አልተናገረችም፤ ባሏ ግን ወዴት እንደምታይ አወቀ።

ኢሳይያስ ከቀብሩ ወዲህ ቃል ከአፉ ጠፍቶ ነበር። ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ቤት ሲመጣ ግን ከ«እሺ» እና ከ«በልቻለሁ» የሚያልፍ ነገር አይወጣውም። በየካቲት አንድ ምሽት ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷም ዓይኗን ከሰማይ ሳታነሣ፣

«አንተ የተማርከው ነገር ነው» አለችው። «እዚያ ይበርዳታል?»

አይበርዳትም ቢል ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሁለት ወር የተዘጋው አፉ በሚያውቀው ነገር ተከፈተና መቆም አቃተው። ኮከብ ከጋዝና ከአቧራ ደመና እንደምትወለድ፣ ደመናው በገዛ ክብደቱ ሲሰበሰብ መሐሉ እንደሚግል፣ ሃይድሮጂኑ እየተዋሐደ ሂሊየም ሲሆን ብርሃን እንደሚወጣ ነገራት። ሃይድሮጂኑ ሲያልቅ ሂሊየሙ ካርቦንና ኦክስጅን ይሆናል፤ ትልቅ ኮከብ ከሆነች እየከበደ፣ እየከበደ ሄዶ ብረት ላይ ይደርሳል። ብረት ግን ቢዋሐድም ሙቀት አይሰጥም። ያን ጊዜ ኮከቧን ከውስጥ ደግፎ የያዛት ነገር ይጠፋል፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ በማይሞላ ጊዜ እምብርቷ ይደረመሳል፤ የቀረው አካሏ ፈንድቶ ይበተናል። ይቺ የምታዪያት የቀላችውም አርጅታ፣ አብጣ፣ ነዳጇ ሊያልቅ ስለተቃረበ ነው አላት።

በላይነሽ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ትሞታለች?»

«አንድ ቀን። ምናልባት ከመቶ ሺህ ዓመት በኋላ። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመት ስለሚፈጅበት፣ እስካሁን ሞታም ሊሆን ይችላል። አናውቅም።»

ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ደንግጦ ሊያስተካክል ሞከረ፦ የተበተነው አይጠፋም፣ ከሱ ሌላ ኮከብ ይወለዳል፣ ምድርም የተሠራችው ከዚያ ነው፣ በሊና ደም ውስጥ የነበረው ብረት፣ በጥርሷ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ሳይቀር ከሞቱ ከዋክብት የመጣ ነው አላት።

«የወለቀው የፊት ጥርሷ ገና አልበቀለም ነበር» አለች በላይነሽ። ተነሥታ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ አልተቀመጠችም። አላኮረፈችውም፣ አልወቀሰችውም። እሱ ማታ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል እያለ ይጠራታል፤ እሷ ሥራ አለብኝ ትለዋለች። ቢጨንቀው እትዬ ሰብሌን ለምኖ አመጣቸው፤ እሳቸውም ያንኑ ደገሙላት። በላይነሽ በትሕትና አዳመጠቻቸውና፣ «ጋዝ ነው እኮ፣ እትዬ» አለቻቸው።

በመጋቢት ዝናቡ ሲጀምር ዋጫ ከተማ ወዳለችው እኅቷ ሄደች። ለሳምንት ብላ ነበር። በግንቦት ኢሳይያስ በሚኒባስ ተከትሏት ሄደ። እጁን አስታጠበችው፣ ምሳ አቀረበችለት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀችው፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው። ወደ ቤት እንድትመለስ ለመናት። ያን ምሽት የተናገረውን ሁሉ እንድትረሳው ለመናት።

«ውሸት ነበር?» አለችው።



«አይደለም» አለ።

እስከ መናኸሪያው ሸኘችው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ ዞሮ አየ፤ በላይነሽ ለዝናቡ ነጠላዋን ራሷ ላይ ደርባ የእኅቷን ቤት መንገድ ጀምራለች።